ቀን ሄዶ ማታ የሚቆም ሞተር ሳይክል

አሮጌ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሲሮጥ የዋለ ሞተር፣ መሽቶ መብራት ሲበራ ብዙም ሳይቆይ መንተፋተፍ ይጀምራል። የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ክላክሱ ድምፁ ይሰልላል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። በማግስቱ አዲስ ባትሪ ይገዛለታል። ጥቂት ቀን ይሠራል፤ ተመልሶ ያው ይሆናል።

በባትሪው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ዓይናችን እያየ የሞተው እሱ ነውና። ባትሪ ግን ጎተራ እንጂ እርሻ አይደለም። ጎተራ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ወይ እህል አልገባበትም፣ ወይ ከገባው በላይ ወጥቷል፣ ወይ ራሱ ጎተራው ያፈሳል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ዕቃ መለወጥ ገንዘብ መበተን ነው። ለመለየት ደግሞ አንድ ቴስተርና ትዕግሥት ይበቃል።

ሜሪደን በተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ይሠራ የነበረውን ትሪምፍ ቦነቪልን እንውሰድ። ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ በ1966 ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሸጋገረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ቦነቪል የቻርጅ መሥመሩ በጣም ቀላል ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ኦልተርኔተር፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ የሚያደርግ ሬክቲፋየር፣ ትርፉን የሚያስወግድ ዜነር ዳዮድ፣ ባትሪ፣ እነዚህንም የሚያገናኙ ሽቦዎች። ከዚህ ሌላ የለም። ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ግን አለ፦ በዚህ ሞተር ከሻሲው ጋር የሚገናኘው፣ ማለትም ማሳ የሚሆነው፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። የዛሬዎቹን የለመደ እጅ ገልብጦ ካሰረው ሬክቲፋየሩንና ዜነሩን በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል።

መነሻው ባትሪው ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ሲሞላ 12.6 ቮልት ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ለሰዓታት ካረፈ በኋላ ቴስተሩ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ ቀርቷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ተርቧል። ባትሪውን በውጭ ቻርጀር ሞልተን ሞተሩን እናስነሳና በደቂቃ 3000 ዙር ላይ እንለካ። ንባቡ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መውጣት አለበት። ባለበት ከቀረ ወይም ከወረደ እህሉ እየገባ አይደለም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነው፤ ባትሪው እየፈላ ውኃው ያልቃል።

ለምን ማታ? ሒሳቡ ግልጽ ነው። በ12 ቮልት 45 ዋት የሚበላ የፊት አምፖል 4 አምፔር ገደማ ይስባል። የኋላውና የሰዓቶቹ መብራት፣ ካንዴላ የሚያቀጣጥሉት ሁለቱ ኮይሎችም ሲደመሩ ወጪው ወደ 8 አምፔር ይጠጋል። ኦልተርኔተሩ ሞተሩ በደንብ ሲዞር የሚሰጠው 10 አምፔር ገደማ ነው፤ በሚኒሞ ሲዞር ግን ከዚህ በጣም ያነሰ። ቀን መብራት ጠፍቶ ሲሄድ፣ ግማሽ አቅሙን ያጣ ኦልተርኔተር እንኳ ወጪውን ይሸፍናል። በሽታው ቀን ላይም አለ፤ ማታ ወጪው ሲበዛ ይታያል እንጂ።

አሁን ወደ ኦልተርኔተሩ። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅል አጠገብ ማግኔት ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። እዚህ ስድስት የማግኔት ዋልታዎች ያሉት ሮተር በቆሙ ጥቅሎች መካከል ይዞራል። በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 300 ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ ያድጋል፤ ነገር ግን ጥቅሎቹ ለፈጣን ለውጥ የሚያሳዩት ተቃውሞም አብሮ ያድጋል። ሁለቱ ስለሚካካሱ አምፔሩ ከተወሰነ ወሰን አያልፍም። ማንም ሳይቆጣጠረው ራሱን የሚገታ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ለመፈተን ሁለቱን ሽቦዎቹን ከሬክቲፋየሩ ነቅለን፣ 1 ኦም መከላከያ በመካከላቸው አስረን፣ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገን እንለካለን። በ3000 ዙር ቢያንስ 9 ቮልት መገኘት አለበት። ይህ 9 አምፔር፣ ማለትም 81 ዋት ሙቀት ስለሆነ መከላከያው ትልቅ መሆን አለበት፤ በእጅም አይነካም። ያለ ጭነት የሚደረግ ልኬት ያታልላል፤ ማግኔቱ የደከመም ቢሆን ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ሬክቲፋየሩ አራት ዳዮዶች አሉት። ሞተሩ ጠፍቶ በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ እያንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ ማሳለፍ፣ በሌላው መዝጋት አለበት። አንዱ ሳያሳልፍ ከቀረ ከሞገዱ ግማሹ ይባክናል። ሲፈታ ሳህኖቹን የያዘው ዳዶ መነካት የለበትም፤ ከተጠመዘዘ የውስጡ ግንኙነት ይበጠሳል።

ዜነር ዳዮዱ ስሙን ያገኘው ክላረንስ ዜነር ከተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በዚህ ቮልቴጅ የሚሠራው ግን ዜነር በገለጸው መንገድ ሳይሆን፣ አንዱ ኤሌክትሮን ሌላውን እየገፋ በሚፈጥረው ናዳ ነው። ቮልቴጁ 14 አካባቢ ሲደርስ ይከፈትና ትርፉን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ከፊት መብራቱ ሥር በነፋስ የሚበርድ የአሉሚኒየም ክንፍ የተሰጠውም ለዚህ ነው። ሲበላሽ ያለ ሰዓቱ ይከፈትና ባትሪው ሳይሞላ ያፈሳል። ሽቦውን ለአጭር ጊዜ ነቅሎ ማየት ነው፤ ቮልቴጁ ወዲያው ከፍ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ይገኛሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚታመሙት መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። ዝገት በአንድ የማሳ ቡሎን ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምርና 8 አምፔር ቢያልፍበት 0.8 ቮልት እዚያው ይቀራል። 14 ቮልት ተልኮ ለባትሪው 13.2 ይደርሰዋል፤ በዚህ ደግሞ በደንብ አይሞላም። በቴስተሩ የኦም መለኪያ ይህን ማግኘት ከባድ ነው፤ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚልክ መጥፎውን መገጣጠሚያ ደህና ይለዋል። ትክክለኛው መንገድ መብራቱን አብርቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሻሲው ላይ አድርጎ ቮልት መለካት ነው። ከ0.2 በላይ ካሳየ ቡሎኑ ይፈታል፣ ቀለሙና ዝገቱ እስኪለቅ ይፋቃል፣ መልሶ ይጠብቃል። ሬክቲፋየሩ፣ ዜነሩና ሞተሩ ራሱም ማሳ ስላላቸው ተራ በተራ ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ፣ የኦልተርኔተሩ ገመድ፣ ኦልተርኔተሩን ከሚሸፍነው የፕራይመሪ ክዳን የሚወጣበትን ቦታ እመለከታለሁ። የገመዱ ሽፋን ለዓመታት በትኩስ ዘይት ተነክሮ ስለሚደርቅ፣ በሚታጠፍበት ላይ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ ጤነኛ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሄዶ ሲግል ሽቦው ብረቱን ይነካል። ስለዚህ ልኬቱ ከመንገድ ሲመለስ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ገመዱን በእጅ ቀስ እያወዛወዙ መደገም አለበት።