የእሽቅድምድም ድሮን ስትገጣጥሙ፦ አንዱን ክፍል አሳድጋችሁ ሌላውን እንዳታቃጥሉ

እ.ኤ.አ. በ2016 መጋቢት ወር ዱባይ ላይ ትልቅ የድሮን እሽቅድምድም ተካሂዶ ነበር። ጠቅላላ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንደኛ ወጥቶ 250 ሺህ ዶላር የወሰደው ቡድን አብራሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የ15 ዓመቱ እንግሊዛዊ ታዳጊ ሉክ ባኒስተር!

ብዙዎቻችን ድሮን ሲባል ትዝ የሚለን ሰርግ የሚቀርጸው፣ እጃችንን ስናነሳለት አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው። ልጁ ያበረረው ግን እንደዚያ ዓይነት አይደለም። ኤፍፒቪ ይባላል። ዛሬ እሱ እንዴት እንደሚገጣጠም፣ ከዚያ ደግሞ እንዴት እንደሚሻሻል እናያለን። በተለይ ማሻሻሉ ላይ ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያቃጥልበት አንድ ስህተት አለ።

ኤፍፒቪ ምንድነው?

በአጭሩ ከድሮኑ ዓይን እያዩ ማብረር ነው። ድሮኑ ፊት ለፊት ትንሽ ካሜራ አለች። አብራሪው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መነጽር ያደርጋል፤ ካሜራዋ የምታየውን እሱም በዚያው ቅጽበት ያያል። የሰርጉ ድሮን በጂፒኤስ ራሱን ያረጋጋል። ይሄኛው በእሽቅድምድም ላይ እንዲህ ያለ ደጋፊ የለውም፤ ካዘነበላችሁት እንደተዘነበለ ይቀራል፣ ኃይሉን ከቀነሳችሁበት ይወድቃል። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ በጠባብ በር የሚሾልከውም እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በአብራሪው እጅ ስለሆነ ነው።

ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

ተገጣጥሞ የሚሸጥ አለ። ነገር ግን የእሽቅድምድም ድሮን መውደቁ አይቀርም። ዛሬ ፕሮፔለር ይሰበራል፣ ነገ ሞተር ይጣመማል፣ ከነገ ወዲያ የካሜራው ሽቦ ይበጠሳል። በእጁ የገጣጠመ ሰው የተጎዳውን ክፍል ብቻ ቀይሮ በማግስቱ ያበራል። የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ግን ለ1 ሽቦ ሲል ድሮኑን በሙሉ ያስቀምጠዋል።

ውስጡ ምን ምን አለ?

በብዛት የሚሠራው ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ነው። ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ፍሬም፦ ከካርቦን ፋይበር የተቆረጠ፣ የድሮኑ አጥንት ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የተላጠ ሽቦ እንዳይነካው ተጠንቀቁ።

2. ሞተር፦ 4 ናቸው። ላያቸው ላይ 2207 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ውስጡ የሚገኘው ጥቅል ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

3. ኢኤስሲ፦ የባትሪውን ኃይል መጥኖ ለየሞተሩ የሚያድል ሰሌዳ ነው።

4. ፍላይት ኮንትሮለር፦ አንጎሉ ነው። ድሮኑ ምን ያህል እንደዞረ በሰከንድ ሺህ ጊዜያት እየለካ ለሞተሮቹ ትእዛዝ ይሰጣል። ብዙዎች የሚጭኑበት ቤታፍላይት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው። የዚህ ሶፍትዌር ቅድመ አያት መልቲዊ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ከኒንቴንዶ ዊ ጌም መቆጣጠሪያ የተነቀለ ሴንሰር ይጠቀሙ ስለነበር ነው።

5. ካሜራ፣ ቪዲዮ ማስተላለፊያ እና አንቴና፦ ምስሉን ወደ መነጽሩ ይልካሉ።

6. ሪሲቨር፦ ከእጃችሁ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ ይቀበላል።

7. ሊፖ ባትሪ፦ ቀላል ነው፣ ኃይሉ ግን ብዙ ነው። አደገኛውም እሱ ነው።

ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ድሮኑ ተገጣጥሞ በረረ እንበል። ከወር በኋላ "ፍጥነት ልጨምር" ይመጣል። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚገዛው ትልቅ ባትሪ ነው፤ ከባለ 4 ሴል ወደ ባለ 6 ሴል ይሸጋገራል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው።

አንድ የሊፖ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ስለዚህ ባለ 4 ሴሉ 16.8፣ ባለ 6 ሴሉ ደግሞ 25.2 ቮልት ይሆናል። ሞተሩ ላይ ኬቪ የሚባል ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተሩ ጭነት ሳይኖረው በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይናገራል። ለባለ 4 ሴል የተገዛ ባለ 2450 ኬቪ ሞተር በ16.8 ቮልት ወደ 41 ሺህ ዙር ይዞራል። ያው ሞተር በ25.2 ቮልት ወደ 62 ሺህ ይጠጋል! ለዚያ አልተሠራም። ሞተሩ ይግላል፣ ኢኤስሲው ከአቅሙ በላይ አምፒር ይጠየቃል፣ ከዚያ ጭስ ነው።

ባለ 6 ሴል ባትሪ ራሱ ግን መጥፎ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ተመሳሳይ ኃይል ባነሰ አምፒር ስለሚሰጥ ሽቦው ብዙ አይግልም፣ ጉልበቱም በመሀል ቶሎ አይወርድም። የሚፈልገው አብሮት የሚሄድ ሞተር ነው፤ 1750 ኬቪ ገደማ ብታደርጉት ዙሩ ወደ 44 ሺህ ይመለሳል። ሞተር ለመቀየር አቅም ከሌላችሁ ቤታፍላይት ላይ የሞተሩን ጣሪያ ወደ 66 በመቶ ማውረድ ይቻላል። በሁለቱም መንገድ ግን ኢኤስሲው እና ፍላይት ኮንትሮለሩ 6 ሴል የሚችሉ መሆናቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ቪዲዮውም እንደዚሁ ነው። ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ስትቀይሩ ምስሉ በጣም ይጠራል። ነገር ግን መነጽሩም አብሮ መቀየር ይኖርበታል፣ ምክንያቱም የአንዱ ምስል በሌላው አይታይም። መዘግየቱንም አስቡት። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 42 ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ ከ1 ሰከንድ 4 መቶኛ ቢዘገይ፣ በሩን ባያችሁበት ቅጽበት ድሮኑ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ አልፎ ሄዷል። ለዚህ ነው ተወዳዳሪዎች ከምስል ጥራት ይልቅ ፍጥነቱን የሚያስቀድሙት።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት "ይሄ ከየትኛው ጋር ይነካካል?" ብላችሁ ጠይቁ።

እሳት እንዳይነሳ

– ጠረጴዛ ላይ ስትሠሩ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ አውልቁ። ሳይታሰብ የተነሳ ሞተር ጣት ይቆርጣል።
– ሽቦውን በይዳችሁ ስትጨርሱ ባትሪ ከመሰካታችሁ በፊት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ መነካካታቸውን በቴስተር ፈትሹ።
– ባትሪ ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ አትተኙ፣ ከቤትም አትውጡ።
– ያበጠ ወይም የተወጋ ባትሪ አትጠቀሙ።
– ለቀናት የሚቀመጥ ባትሪ ሞልቶም ተሟጦም አይቀመጥ፤ በየሴሉ 3.8 ቮልት ገደማ ይሁን።

አንድ ነገር እንጨምር። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ተለማመዱ። ቬሎሲድሮን እና ሊፍትኦፍ የሚባሉ ማስመሰያዎች አሉ። እዚያ 100 ጊዜ ብትከሰክሱት የሚያስወጣችሁ ነገር የለም።

የት ነው የምታበሩት?

ይሄን ሳያጣሩ መግዛት ዋጋ ያስከፍላል። በዩክሬን ጦርነት ከእነዚሁ ክፍሎች የተገጣጠሙ ድሮኖች ፈንጂ ተሸክመው ሲበሩ ዓለም አይቷል። መንግሥታት ጉዳዩን በጥርጣሬ ቢያዩት አይገርምም። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር ፈቃድ ይጠይቃል። "ክፍሎቹን ለየብቻ ባስገባ ማን ያየኛል" ብላችሁ አትጀምሩት፣ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን መመዝገብ አለበት፤ ባለ 5 ኢንቹ ባትሪውን ይዞ ከዚያ በላይ ነው። መነጽር አድርጋችሁ ስታበሩ ድሮኑን በዓይኑ የሚከታተል ሰው አጠገባችሁ መኖር አለበት። በተለይ ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ፣ ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ እስከ 15 ማይል ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያ ውስጥ ናቸው። የጓሮ ሣራችሁ ላይ ብታነሱትም ያው ነው።

ፈቃዱ ካለቀ፣ ማስመሰያው ላይ እጃችሁ ከተፍታታ፣ የዕቃዎቹም ቁጥር እርስ በርስ ከተስማማ፣ ያኔ መበየጃውን አሙቁት። መልካም በረራ!