ፋይሉ የማን ነው?

አዳማ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ባቱ (ዝዋይ) ቅርንጫፍ ያለው አንድ ድርጅት አለ እንበል። ሁለቱ ቢሮዎች አዳማ ባለው ሰርቨር ላይ አንድ የጋራ ፎልደር ይጠቀማሉ። ደመወዝ የምትሠራው ሂሩት ፋይሏን ከእሷ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ፈቃዱን ትዘጋለች። ባቱ ያለው ቶላ ግን ያለ ምንም ችግር ይከፍተዋል። የማንንም የይለፍ ቃል አልወሰደም፤ ሰርቨሩም አልተበላሸም።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሊኑክስ በፋይሉ ላይ የባለቤቱን ስም አይመዘግብም። የሚመዘግበው ዩአይዲ የሚባለውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በየኮምፒውተሩ ካለው የተጠቃሚዎች መዝገብ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ለመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ይሰጣል፣ ለሚቀጥለው 1001። ሂሩት አዳማ ላይ 1001፣ ቶላም ባቱ ላይ 1001 ከሆነ ሰርቨሩ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ ያያቸዋል። የቀበሌ መታወቂያም እንዲሁ ነው፤ ቀበሌው ካልተጠቀሰ ቁጥሩ ብቻውን ማንንም አይለይም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ግን ባለ12 አሃዝ ቁጥሩን ለሁሉም ከአንድ መዝገብ ይሰጣል።

ፎልደሩን በኔትወርክ የሚያጋራው ኤንኤፍኤስ፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው ሥርዓት ነው። በተለመደው አሠራሩ ጠያቂው ኮምፒውተር «እኔ 1001 ነኝ» ይላል፣ ሰርቨሩም ያምነዋል። ሁሉም ማሽን በአንድ ባለሙያ እጅ በነበረበት ክፍል ውስጥ ይህ በቂ ነበር። በሁለት ከተማ በሚገኙ ሁለት ቢሮዎች ግን አደገኛ ነው ባይ ነኝ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የሌላው ማሽን ዋና አስተዳዳሪ፣ ማለትም ቁጥር 0፣ ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ 65534 ወደሚባል ባለቤት አልባ ቁጥር ይለወጣል። ሂሩትን ከቶላ ግን ይህ አይጠብቃትም።

ጠንካራው መፍትሔ ኬርቤሮስ ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ አቴና በተባለ ፕሮጀክት ተሠራ። ተጠቃሚው መጀመሪያ ማንነቱን ለአንድ ማዕከል ያረጋግጣል፣ የጊዜ ገደብ ያለው ማለፊያ ይቀበላል፣ ሰርቨሩም ቁጥሩን ሳይሆን ማለፊያውን ያምናል። እዚህ ላይ ግን የእኛ ቢሮዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። የተጠቃሚው ማሽንና የማዕከሉ ሰዓት በተለምዶ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ኬርቤሮስ አያስገባም። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል፤ ሠራተኛውም ትክክለኛ የይለፍ ቃሉን እያስገባ ይባረራል። ስለዚህ ሰዓትን ከኔትወርክ በራሱ የሚያስተካክል አገልግሎት ከኬርቤሮስ በፊት መሥራት አለበት።

አንዳንድ ባለሙያዎች የሚመርጡት ቀላል መንገድ፣ ሰርቨሩ ላይ በአንድ አካውንት ገብቶ ፎልደሩን የሚያገናኘው ኤስኤስኤችኤፍኤስ ነው። ይህ ፊውዝ በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑክስ ውስጥ በገባው ዘዴ ላይ ይሠራል፤ ፊውዝ ተራ ፕሮግራም የፋይል ሥርዓት እንዲሆን ይፈቅዳል። ፎልደሩን ካገናኘው ተጠቃሚ በቀር፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ፣ የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ እንኳ ሊያየው አይችልም። በዚያ መንገድ የሚሠራው ሁሉ ግን ሰርቨሩ ላይ የሚፈጸመው በተገባበት አካውንት ስም ነው። አምስት ሠራተኞች በአንድ አካውንት ከገቡ ማን ምን እንደሰረዘ አይታወቅም። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሌላው ችግር የፎልደሩ ስም ነው። አዳማ ያለው ማሽን ፎልደሩን «አዳማ»፣ ባቱ ያለው ደግሞ በከተማዋ የድሮ ስም «ናዝሬት» ብሎ ቢያገናኘው ፋይሉ አንድ ሆኖ አድራሻው ሁለት ይሆናል። አዳማ የተሠራው የሒሳብ ሰንጠረዥ ሌላ ፋይል በሙሉ አድራሻው የሚጠራ ከሆነ ባቱ ላይ «ፋይሉ የለም» ይላል። አድራሻዎቹ አንድ ከሆኑም በኋላ መዘግየት አለ፤ ሊኑክስ በኤንኤፍኤስ የፎልደር መረጃን በተለምዶ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይዞ ስለሚቆይ፣ አዳማ ላይ ስሙ የተቀየረ ፋይል ባቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ በአሮጌው ስሙ ሊታይ ይችላል።

ሁለቱን ቢሮ ከማገናኘት በፊት «አይዲ» የሚለውን ትዕዛዝ በየማሽኑ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ማስኬድና የሚወጡትን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ካልገጠሙ መጀመሪያ መዝገቡን አንድ ማድረግ፣ ከዚያ ፎልደሩን መክፈት ነው።