8028፦ የገበሬ ጥያቄ የሚቀበል መስመር

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟ በአገር ገበያ የሚጠራው በጤፏ ነው። ያን ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር መረሬ አፈር ግን ፀባዩ ከባድ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ አቁሮ በሬውንም አራሹንም ይይዛል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገበሬው ጥያቄ አያጣም። ዛሬ ልዝራ ወይስ ውሃው ይጠንፈፍ? ማዳበሪያው ስንት ይሁን? ስንዴዬን ምን ነካው?

መጀመሪያ የሚጠይቀው ጎረቤቱን፣ የወንፈል ጓደኛውን፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚያገኘውን አንጋፋ ገበሬ ነው። ይህ ምክር ትልቅ ሀብት ነው፤ ከማሳው ጋር አብሮ የኖረ ሰው ምክር ነውና። አዲስ ዘርና አዲስ በሽታ ሲመጣ ግን አንጋፋውም ጠያቂ ይሆናል። ያኔ የሚቀረው የልማት ሠራተኛው ነው። በአሠራሩ ለአንድ ቀበሌ ሦስት ባለሙያ ይመደባል፦ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት። ሰብሉን የያዘው አንድ ሰው ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው።

8028 የተባለው የስልክ መስመር የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ2006 ዓ.ም. ያኔ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የዛሬው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ ዘረጋው። ጥሪው ነፃ ነው። ደዋዩ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ሰብሉን፣ ከዚያም የመሬት ዝግጅት፣ የዘር ወይም የሰብል ጥበቃ እያለ የሚፈልገውን በቁጥር ይጫናል፤ የተቀዳው ድምፅ ይመልስለታል። መጀመሪያ ላይ የገቡት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ማሽላን የመሳሰሉ ዋና ዋና ሰብሎች ነበሩ።

ከሁሉ የማደንቀው የሚናገር መሆኑን ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት በአዝራር ስልኳ የምርምር ጣቢያን ምክር በገዛ ቋንቋዋ ትሰማለች። ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን።

መስመሩ ራሱ ቀድሞ ያስጠነቅቃልም። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የአገሪቱን የስንዴ ማሳ ክፉኛ መታው፤ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያም ሊቋቋመው አልቻለም። ያኔ ማስጠንቀቂያ ከገበሬው ስልክ የሚያደርስ እንዲህ ያለ መስመር አልነበረም። ከተዘረጋ ወዲህ ግን የዋግ ማስጠንቀቂያ ለሚያሰጋቸው አካባቢዎች ገበሬዎች በዚሁ ተልኳል።

ሆኖም የተቀዳ ድምፅ ማሳ አያይም። «ስንዴዬ ቢጫ ሆነ» የሚለውን እንውሰድ። አንድ ጥያቄ ይመስላል፣ በውስጡ ግን ሦስት አራት አለ። ቢጫው የታየው ውሃ በተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ብቻ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቷል፤ ቦይ መክፈት ይበጃል። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ከገረጡ ናይትሮጅን አንሶት ይሆናል፤ መፍትሔው ዩሪያ ነው። ቅጠሉን በነጭ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ቢጫ ዱቄት ከቀባ ግን ዋግ ነው፤ ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ርዝመት መስመር ሠርቶ ይወጣል፣ የግንድ ዋግ ደግሞ የጡብ ቀለም ይዞ አገዳውን ይሰነጥቃል። ለዚህ ጊዜ ሳይሰጡ የፈንገስ መድኃኒት መርጨት ያስፈልጋል። ውሃ ለያዘው ስንዴ መድኃኒት የገዛ ሰው ገንዘቡን ጭቃ ላይ ደፋው ማለት ነው።

አረሙም እንዲሁ ነው። «ቱ ፎር ዲ ረጭቼ አረሙ አልሞተም» የሚል ቅሬታ ይሰማል። መድኃኒቱ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው፤ ሣር መሳዩን አይነካም። ከአጠገቡ ባቄላ ካለ ደግሞ ንፋስ የወሰደው ርጭት ባቄላውን ያቃጥለዋል። ጠያቂው የአረሙን ቅጠል ቢገልጽ ኖሮ መልሱን ከመርጨቱ በፊት ባገኘው ነበር።

ስለዚህ የልማት ሠራተኛውንም ሆነ መስመሩን ከመጠየቅ በፊት አራት ነገር መያዝ ይበጃል፦ ዝርያው ምንድን ነው፣ መቼ ተዘራ፣ ምልክቱ በቅጠል ነው ወይስ በአገዳ፣ በማሳው ሁሉ ነው ወይስ በከፊል። ታማሚው ቅጠል ራሱ በእጅ ቢያዝ ደግሞ የበለጠ ነው።

አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያላችሁ የቢቸናና የሞጣ ልጆች፣ ለክረምት ቤተሰብ ስትጠይቁ ይህን ቁጥር በአባታችሁና በእናታችሁ ስልክ ላይ መዝግቡላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አብራችኋቸው ደውሉ፤ የትኛውን ቁጥር እንደሚጫኑም አሳዩአቸው።