ከመስኮቱ ጀርባ የቀረው ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ “ከላይ” ማለት ምን ማለት ነው?

ረዥም ደብዳቤ ጽፈው ፕሮግራሙን ሊዘጉ ሲሉ ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ማውዙን ቢጫኑ ምላሽ የለም፤ ኪቦርዱም አይታዘዝም። ተስፋ ቆርጠው ማሽኑን ሲያጠፉት የደከሙበት ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም ነበር። “ጽሑፉ ይቀመጥ ወይስ ይቅር?” የሚል ትንሽ የጥያቄ ሳጥን ከሌላ መስኮት ጀርባ ተሸፍኖ መልስዎን ሲጠባበቅ ነበር።

ስክሪን ጠፍጣፋ ነው፤ በእውነቱ ፊትም ጀርባም የለውም። “ከላይ” እና “ከሥር” የምንለው ኮምፒውተሩ ከሚይዘው የተራ ዝርዝር የሚመነጭ ነው። መስኮቶች ብቻ ሳይሆኑ በአንድ መስኮት ውስጥ ያሉ ቁልፎች፣ የጽሑፍ ሳጥኖችና ምስሎችም በዚህ ዝርዝር ውስጥ ተራ አላቸው። ባለሙያዎች “ዚ-ኦርደር” ይሉታል፤ ኤክስ አግድሙን፣ ዋይ ቁመቱን፣ ዚ ደግሞ ጥልቀቱን ስለሚያመለክት ነው።

ኮምፒውተሩ ስክሪኑን የሚሥለው ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ ሠዓሊ መጀመሪያ መደቡን ቀብቶ በላዩ ምስሉን እንደሚያሳርፍ ማለት ነው። ማውዝ ሲጫን ግን ፍለጋው ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያንን ነጥብ የሸፈነው የመጀመሪያው ነገር ትእዛዙን ይወስዳል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ በአንድ ቁልፍ ላይ የማይታይ ባዶ ሳጥን ሳያስበው ቢያስቀምጥ፣ ቁልፉ ይታያል እንጂ አይሠራም። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ አቆጣጠሩ ወጥ አለመሆኑ ነው። በማይክሮሶፍቱ “ዊንዶውስ ፎርምስ” በዝርዝሩ መጀመሪያ ያለው ከላይ ሲሆን፣ በ“ጃቫ ኤፍኤክስ” ከላይ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ያለው ነው።

ተደራራቢ መስኮቶች በ1970ዎቹ (እ.አ.አ.) ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ተሠሩ። በ1979 ከስቲቭ ጆብስ ጋር ማዕከሉን የጎበኘው የአፕል ባለሙያ ቢል አትኪንሰን፣ ከሌላ መስኮት ሥር በከፊል የተሸፈነ መስኮት ራሱን ሲያድስ ያየ መስሎት ነበር። በኋላ እንደታወቀው የዜሮክስ ሰዎች ያንን አልሠሩትም። እርሱ ግን ይቻላል ብሎ ስላመነ መንገዱን ፈለሰፈው። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ በበኩሉ የፕሮግራም መስኮቶችን ጎን ለጎን ይደረድር ነበር እንጂ አያደራርብም፤ መደራረቡ የመጣው በ1987 በሁለተኛው ዕትም ነው።

ወደ ተደበቀው ጥያቄ እንመለስ። በዊንዶውስ ላይ የጥያቄ ሳጥን ሲከፈት ባለቤቱ የትኛው መስኮት እንደሆነ መገለጽ አለበት፤ ከተገለጸ ሳጥኑ ምንጊዜም ከባለቤቱ በላይ ይቆያል። ፕሮግራመሩ ይህችን አንዲት ነገር ሲዘነጋ ሳጥኑ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። ጥፋቱ የተጠቃሚው አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው። አንዳንዶች መድኃኒት ብለው ሳጥኑን “ሁልጊዜ ከላይ” እንዲሆን ያዙታል። ሁለት ፕሮግራሞች ይህንኑ ቢጠይቁስ? ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከላይ ሊሆኑ አይችሉምና ሽሚያው እንደገና ይጀመራል።

ኮምፒውተርዎ የደረቀ ከመሰለዎት ከማጥፋትዎ በፊት አልት የሚለውን ቁልፍ ይዘው ታብን ይጫኑ፤ በማክ ኮምፒውተር ኮማንድና ታብ ፕሮግራሞቹን ያፈራርቃሉ። ከስክሪኑ ግርጌ ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ካለም ይጫኑት፤ አንድ ፕሮግራም ወደ ፊት መምጣት ተከልክሎ እየጠራዎት ይሆናል።

የተራው ጉዳይ የደኅንነትም ጥያቄ ነው። በ2008 ሮበርት ሃንሰንና ጀረማያ ግሮስማን የተባሉ የደኅንነት ባለሙያዎች “ክሊክጃኪንግ” ያሉትን ማታለያ ይፋ አደረጉ። ዓይን የሚያየው ከሥር ያለውን ማባበያ ነው፤ ጣት የሚጫነው ግን በላዩ የተዘረጋውን፣ እንደ መስተዋት የሚያሳልፈውን ሌላ ገጽ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ለከባድ ለውጥ ፈቃድ ሲጠይቅ ስክሪኑን የሚያደበዝዘውም ለዚህ ነው፤ ጥያቄው የሚቀርበው ሌሎች ፕሮግራሞች ምንም ሊደርቡበት በማይችሉት የተለየ ዴስክቶፕ ላይ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ ለመታየት ፈቃድ የተሰጣቸውን መተግበሪያዎች ከስልኩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ማየት ይቻላል። ከስልክዎ ገንዘብ የሚልኩ ከሆነ ዝርዝሩን ከፍተው የማያውቁት ስም እንዳለ ይመልከቱ፤ ካለም ፈቃዱን ይንሱት።