ብርሃን እንደ ምግብ፦ የጠላቂ ኤልኢዲ መብራት አገልግሎት በቤት ውስጥ የኮራል ገንዳ

የኮራል ገንዳ በጨው ውኃ የተሞላ፣ ሕይወት ያላቸው ኮራሎች ከዓሦችና ከሌሎች ትንንሽ የባሕር እንስሳት ጋር የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ሲሆን፣ ከተራው የዓሣ ገንዳ በዋናነት የሚለየው በብርሃኑ ነው። በተራው ገንዳ መብራት የሚበራው ተመልካቹ ዓሦቹን አጥርቶ እንዲያይ ነው፤ በኮራል ገንዳ ግን መብራቱ ለረጅም ጊዜ ከጠፋ አብዛኞቹ ኮራሎች በረኀብ ይሞታሉ። ስለዚህ ጠላቂ የኤልኢዲ መብራትን፣ ማለትም ከገንዳው በላይ መሰቀሉ ቀርቶ ውኃው ውስጥ ገብቶ የሚያበራውን መሣሪያ፣ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከመሣሪያው አስቀድሞ እንስሳውን ማወቅ ይኖርበታል፤ የመሣሪያው ጥቅምም ሆነ ጉዳት የሚለካው ለኮራሉ በሚያደርሰው የብርሃን መጠን፣ ቀለምና ቆይታ ነውና።

ኮራል ቅርንጫፍ ያወጣ ተክል ወይም ቀለም የተቀባ ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። አካሉ ፖሊፕ ከሚባሉ፣ በአፋቸው ዙሪያ ቀጫጭን መዳሰሻዎች ከተደረደሩባቸው ትንንሽ ፍጥረታት የተሠራ ሲሆን፣ ፖሊፖቹ በሕብረ ሕዋሳቸው ውስጥ ዙዛንቴሌ የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን ያኖራሉ። የአንዱ አልጌ ስፋት የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የኮራል ገላ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሊገኙ ይችላሉ። አልጌዎቹ በብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም በብርሃን ኃይል ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ ስኳር በሚሠራበት ሂደት፣ ካዘጋጁት ምግብ የሚበዛውን ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ ኮራሉም በምላሹ መጠለያና ለእድገት የሚያስፈልጓቸውን ንጥረ ነገሮች ይሰጣቸዋል። ሁኔታው ሲመች አንዳንድ ኮራሎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን የሚያገኙት ከእነዚሁ አልጌዎች ሲሆን፣ ድንጋያማዎቹ ዝርያዎች የካልሲየም ካርቦኔት አጽማቸውን በፍጥነት የሚገነቡትም በዚሁ ኃይል ነው።

በሞቃት ባሕሮች ሪፍ የሚባለውን፣ የኮራል አጽም በዘመናት ተደራርቦ የሚሠራውን ዐለታማ ግንብ የሚያቆሙት ዝርያዎች ብርሃን ከሚደርስበት ጥልቀት የማይርቁት በዚህ ምክንያት ነው። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ረባዳ መሬት ዘልቆ በነበረበት ዘመን የኖሩ ኮራሎች ቅሪት ዛሬም በአፋር በረሃ ዳርቻ ይታያል፤ ቅሪቱም ስፍራው ባሕር እንደነበረ ከመመስከሩ በላይ፣ ውኃው ጥልቀት የሌለውና የፀሐይ ብርሃን የሚያገኘው እንደነበረ ያስረዳል። በቤት ውስጥ ኮራል የሚያሳድግ ሰው የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ብርሃን የማያጣ ባሕር በጥቂት መቶ ሊትር ውኃ ውስጥ መልሶ ማቋቋም ነው።

የባሕር ውኃ የብርሃንን ቀለማት በእኩል አያሳልፍም። ቀዩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ አብዛኛው ይዋጣል፤ ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተላሉ፤ ሰማያዊው ግን በጠራ ባሕር ከሁሉም ርቆ ይዘልቃል። ዙዛንቴሌዎችም ከዚህ ብርሃን ጋር የተስማሙ ናቸው፤ ክሎሮፊል ኤ፣ ክሎሮፊል ሲና ፔሪዲኒን የተባሉት ብርሃን ተቀባይ ቀለሞቻቸው በተለይ የሚጠቀሙት ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ውስጥ የሚገኘውን ሐምራዊና ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ናኖሜትር የሚባለውም የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ለኮራል የሚሠራ መብራት ለሰው ዓይን ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከኤልኢዲ በፊት የኮራል ገንዳዎች የሚበሩት በፍሎረሰንት ዘንጎችና ሜታል ሃላይድ በሚባሉ 250 ወይም 400 ዋት በሚፈጁ ብርቱ አምፖሎች ነበር። አምፖሎቹ ኮራል የማሳደግ ብቃት ቢኖራቸውም ሙቀታቸው ከፍተኛ ስለነበረ፣ ብዙ ባለ ገንዳዎች ውኃውን ለኮራል በሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማቆየት የማቀዝቀዣ ማሽን ለመጨመር ይገደዱ ነበር። ኤልኢዲ፣ ማለትም ብርሃን አመንጪ ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ በሴሚኮንዳክተር ቅንጣት ውስጥ ሲያልፍ በቀጥታ ብርሃን የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲዎች ከተፈጠሩ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ብርቱ ሰማያዊ አልተገኘም ነበር። ይህን ክፍተት የሞሉት ጃፓን ውስጥ ከጋሊየም ናይትራይድ ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ሲሆኑ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ለዓለም ሁሉ ነጭ የኤልኢዲ መብራትን ያስገኘው ይህ ግኝት፣ ለኮራል አሳዳጊዎች ደግሞ ኮራሉ የሚፈልገውን ቀለም ብቻ መርጦ የማብራት ዕድል ከፍቷል።

ጠላቂው መብራት በመሠረቱ ይኸው ኤልኢዲ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በመሸፈኛው ነው። የመብራቱ ቅንጣቶች በአሉሚኒየም ወይም በሌላ ሙቀት አስተላላፊ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው በአክሪሊክ ቱቦ ወይም በመስታወት ውስጥ ይገባሉ፤ ክፍተቱ በኢፖክሲ ወይም በሲሊኮን ይደፈናል፤ ገመዱ የሚገባበት ጫፍም እንዲሁ ይታሸጋል። አብዛኛውን ጊዜ ውኃ መግባት የሚጀምረው በዚሁ በገመዱ መግቢያ በኩል በመሆኑ፣ ገዢው ከሁሉ በፊት አጥብቆ መመልከት ያለበት ይህን ቦታ ነው። በመሣሪያው ላይ የሚጻፈው አይፒ67 የተሰኘ ምልክት ዕቃው በአንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መቆየት እንደሚችል ብቻ ያመለክታል፤ ዘወትር ውኃ ውስጥ ለሚኖር መብራት የሚያስፈልገው አይፒ68 ሲሆን፣ ይህም አምራቹ በወሰነው ጥልቀትና ሁኔታ ለተከታታይ ጊዜ መጥለቅ መቻሉን ይገልጻል። የእነዚህ ደረጃዎች ፈተና የሚካሄደው በጨው አልባ ውኃ ስለሆነ፣ አምራቹ ዕቃው ለባሕር ውኃ የተሠራ መሆኑን ለይቶ ማረጋገጥ አለበት። ጨዋማ ውኃ ብረትን ቶሎ ይበላል፤ የተጋለጠ የመዳብ ሽቦ ደግሞ በጥቂት መጠን እንኳ ወደ ውኃው ሲሟሟ ኮራሎችን፣ ሽሪምፖችንና ቀንድ አውጣዎችን ይመርዛል።

መሣሪያው የሚያስገኛቸው ጥቅሞች የታወቁ ናቸው። ከላይ የሚበራ ብርሃን ወደ ውኃው ሲገባ ቀጥ ብሎ ከወረደ 2 በመቶ ያህሉ፣ አግድም ከመጣ ደግሞ ከዚህ የሚበልጠው ከውኃው ገጽ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ በመብራቱ ሽፋን ላይም ከሚፈናጠቀው ውኃ የሚቀረው ጨው እየጋገረ ብርሃኑን ያደበዝዛል። ጠላቂው መብራት ከሁለቱም ነጻ ነው፤ ውኃው ራሱ ስለሚያቀዘቅዘውም ማራገቢያ አያስፈልገውም። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ከላይ የተሰቀለው መብራት በማይደርስባቸው ቦታዎች ነው፤ ትልልቅ ኮራሎች በጥላቸው የሚያጨልሟቸውን የታችኛ ቅርንጫፎች፣ የዐለቱን ጎንና የጥልቅ ገንዳ ማዕዘኖችን ያበራል።

ሌላው ተስማሚ ቦታው ሬፉጂየም ነው። ሬፉጂየም ከዋናው ገንዳ ጋር በቧንቧ የተገናኘ፣ ኬቶሞርፋን የመሰለ የባሕር አልጌ የሚበቅልበት ንዑስ ገንዳ ሲሆን፣ አልጌው እያደገና እየታጨደ ከውኃው ናይትሬትንና ፎስፌትን ያስወግዳል። ጠባብ በሆነው በዚህ ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ጠላቂ መብራት አልጌውን ከቅርብ ይመግበዋል። ይህን መብራት ዋናው ገንዳ በሚጨልምበት ሌሊት ማብራት ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በጨለማ በእንስሳቱ ትንፋሽ የሚከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልጌው ስለሚጠቀምበት፣ የውኃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ በቀንና በሌሊት መካከል የሚያሳየው መዋዠቅ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ጠላቂው መብራት የላይኛውን ሙሉ በሙሉ ይተካል ማለት አይቻልም። ብርሃን በሚያርፍበት ገጽ ሁሉ አልጌ ስለሚበቅል፣ መጀመሪያ ቡናማ ሽፋን፣ በኋላም ኮራላይን የተባለው ጠንካራ ሐምራዊ አልጌ መብራቱን እየሸፈነ ኃይሉን ይቀንሳል፤ በመሆኑም ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ በየጊዜው መጽዳት አለበት፤ አክሪሊክ በቀላሉ ስለሚጫርም ለስላሳ ጨርቅ እንጂ ብረት አይነካውም። ሙቀቱም ወደ አየር አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውኃው ይገባል። ዋናው ገደብ ግን ርቀት ነው፤ ጨረሩ ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ በፍጥነት ስለሚሳሳ፣ አጠገቡ ያለው ኮራል ሲቃጠል በሌላው ጥግ ያለው ሊራብ ይችላል። ስለዚህ በአብዛኞቹ የቤት ገንዳዎች ትክክለኛው ድርሻው ከላይ የተሰቀለውን መብራት ማሟላት ነው።

ኮራል የሚደርሰው የብርሃን መጠን በአንድ ሰከንድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሚያርፉ የፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች ብዛት ይለካል፤ አሃዱም ማይክሮሞል ይባላል። በሞቃት አገር በእኩለ ቀን የባሕሩ ገጽ ላይ መጠኑ ወደ 2,000 ይደርሳል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ እንደ አክሮፖራ ያሉ ፈጣን አዳጊ ድንጋያማ ኮራሎች ደግሞ ከ200 እስከ 350 ያህል ሲያገኙ በደህና ያድጋሉ። ይህን በዓይን መገመት እጅግ ያሳስታል፤ የሰው ዓይን ከሁሉ በላይ የሚያየው አረንጓዴውን ሲሆን ለሰማያዊው ደካማ ስለሆነ፣ ለተመልካቹ ደብዛዛ የመሰለ ሰማያዊ መብራት ለኮራሉ ከመጠን ያለፈ ሊሆን ይችላል። ኮራሎች በሰማያዊ ብርሃን ሥር አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆነው መፍካታቸውም፣ በሰውነታቸው ያሉ ልዩ ፕሮቲኖች ሰማያዊውን ተቀብለው በሌላ ቀለም መልሰው ስለሚሰጡት እንጂ፣ ለጤንነታቸው ማረጋገጫ አይደለም። ከዓይን ይልቅ ለዚሁ በተሠራ የብርሃን መለኪያ መመራት፣ መለኪያው ከሌለም ከዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ በበርካታ ሳምንታት ቀስ እያሉ ከፍ ማድረግ ይገባል። ብርሃን በድንገት የበዛበት ኮራል፣ በተለይ ውኃው ሞቆ ከሆነ፣ አልጌዎቹን ከገላው አስወጥቶ ይነጣል፤ የነጣ ኮራልም ወዲያው ባይሞትም ዋናውን ምግቡን አጥቷል። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ማብራት ለአብዛኞቹ ገንዳዎች ይበቃል፤ ሰዓቱንም የሰው ትዝታ ሳይሆን አውቶማቲክ ሰዓት ቆጣሪ ቢቆጣጠረው ይመረጣል።

የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ፣ የደኅንነት ጉዳይ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ውኃው ውስጥ መግባት ያለበት በ12 ወይም በ24 ቮልት ቀጥታ ጅረት የሚሠራ መብራት ብቻ ሲሆን፣ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር ከገንዳው ርቆ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ከተደረገ፣ ገመዱን ተከትሎ የሚወርደው ውኃ በዚያው ይንጠባጠባል፤ መስመሩም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፒር ኃይሉን በሚቆርጥ ብሬከር መጠበቅ አለበት። የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ ጤዛ የታየበት መብራት ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት።

ይህ ጥንቃቄ ሁሉ ከአንድ ቤት ያለፈ ዋጋ አለው። ድንጋያማ ኮራሎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት እንስሳት ናቸው፤ በተፈጥሮ ሪፎች ላይም የባሕሩ መሞቅ ከባድ ጉዳት እያደረሰባቸው ነው። መጠኑ፣ ቀለሙና ቆይታው የተስተካከለ ብርሃን ያገኘ ኮራል ግን በገንዳ ውስጥ አድጎ ቅርንጫፉ ይቆረጣል፤ ቁራጩም በሌላ ገንዳ ራሱን የቻለ ኮራል ይሆናል። መብራቱን በእውቀት የሚመርጥና የሚቆጣጠር ባለ ገንዳ ከባሕር የተነቀለ ኮራል መግዛት አያስፈልገውም፤ ያሳደገውን ለሌሎች ሲያካፍል ደግሞ የእነርሱም ፍላጎት በባሕሩ ላይ ሸክም እንዳይሆን ያደርጋል።