እውነት ወይስ ተረት? ሕልም የሚናገረው ስለ ነገ ነው ስለ እኛ?

በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ በሀብሩ የገጠር ቀበሌዎችም ሕልም ብዙውን ጊዜ የሚወራው ቡና ላይ ነው። አንዷ ጎረቤት «ሌሊት ጥርሴ ወልቆ አየሁ» ስትል፣ ሌላዋ «ኸይር ነው፤ ኸይር ያድርግልሽ» ትላታለች። ደግ ልማድ ነው፤ ያስጨነቀንን ለብቻችን ይዘን እንዳንውል ያደርጋል። ከልማዱ ጋር አብረው የኖሩ አንዳንድ እምነቶች ግን ያለምክንያት ያስፈሩናል፤ አልፎም ከሕክምና ያስቀሩናል።

ተረት፦ ጥርስ ሲወልቅ ማየት የዘመድ ሞት ነው።

እውነት፦ ይህን ሕልም የሚያይ ሰው በየአገሩ ብዙ ነው። ከሕልሙ በኋላ ለቅሶ የመጣ እንደሆነ እናስታውሰዋለን፤ ምንም ያልተከተለው ግን ይረሳል። እምነቱ የሚጠነክረው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት፣ ሕልሙ ሲነቁ ከሚሰማ የጥርስ፣ የድድና የመንጋጋ ሕመም ወይም ውጥረት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። መርዶ ከመጠበቅ ጥርስን መታየት ይሻላል።

ተረት፦ ዱካክ ደረት ላይ የሚቀመጥ ጋኔን ነው።

እውነት፦ እ.ኤ.አ. በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ አሰሪንስኪና ክሌይትማን ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል ለይተው አሳወቁ። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ጥርት ያለው ሕልም በአብዛኛው የሚታየውም ያኔ ነው። ሕልሙን በአካል እንዳናደርገው ጡንቻችን ይዝላል። አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ ዓይን ተገልጦ እጅ አልታዘዝ ይላል፤ ዱካክ የምንለው ይህን ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ያብሰዋል። ጫት የሚቅሙ ሰዎችም ያቋረጡ ሰሞን ዱካክ ያስቸግራቸዋል። እሱን ለማባረር ብሎ ወደ ጫቱ መመለስ ግን ሱሱን ያጠብቀዋል።

ተረት፦ ሃይማኖት ሕልምን ሁሉ እንደ መልእክት ተቀበሉ ይላል።

እውነት፦ የዮሴፍን ታሪክ የወሎ ክርስቲያን ከኦሪት ዘፍጥረት፣ ሙስሊሙም ከሱረቱ ዩሱፍ ያውቀዋል። ሆኖም መጽሐፈ ሲራክ በሕልም ከመታመን ያስጠነቅቃል። በሐዲስም ሕልም ሦስት ዓይነት ነው፦ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጣን የሆነ ማስጨነቂያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ከገዛ ነፍሱ ጋር የሚነጋገረው። ራሱን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው በሩ ይህ ሦስተኛው ነው።

ተረት፦ ሕልም ያለ ፈቺ አይገባም።

እውነት፦ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ብሂል ራሱ፣ ፍቺው ከፈቺው አፍ እንደሚወጣ ይመሰክራል። ሕልም የቀን ኑሯችንን ይከተላል። ጎርፍ ለመርሳ የብርቱካን ገበሬ አንድ ነገር ነው፤ ፈተና ለደረሰበት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌላ። እንደነቃችሁ፣ ከአልጋ ሳትወርዱ፣ ያያችሁትን ጻፉ። ከዚያ ጠይቁ፦ ምን ተሰማኝ? ይህ ስሜት ቀን ላይ የት ያገኘኛል? ለማን ምን ሳልናገር ቀረሁ? ለሁለት ሳምንት ያህል ጽፋችሁ፣ ተደጋግሞ የመጣውን ስሜት ለዩ፤ ስለ እሱም አንድ ትንሽ ነገር አድርጉ፤ ያኮረፋችሁትን ወንድም መጥራት ሊሆን ይችላል።

ተረት፦ የጦርነት ቅዠት መርገም ነው፤ ችሎ ከመኖር በቀር መላ የለውም።

እውነት፦ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት የጦርነት ወራት ወልድያና አካባቢዋ ያዩትን ብዙ ሰው ዛሬም በእንቅልፉ ያየዋል። ይህ የእምነት ማነስ ወይም የልብ ድካም አይደለም፤ አደጋ ያየ አእምሮ ዘብ መቆሙን አልተወም ማለት ነው። መላም አለው። ቅዠት የሚያስቸግረው ሰው ቀን ላይ የቅዠቱን መጨረሻ ለውጦ ይጽፈዋል፤ የተዘጋው በር ይከፈታል፣ የጠፋው ልጅ ይገኛል። አዲሱን ታሪክም በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በዓይነ ሕሊናው ይለማመደዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው 168 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ዘዴው ቅዠትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከባዱን ትዝታ ግን ለብቻ መጋፈጥ አያስፈልግም። ቅዠቱ ከወር በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍ ካስፈራ ወይም ሞትን ካስመኘ፣ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ወልድያ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ስለዚህ ነገ ቡና ላይ አንዷ ሕልሟን ስታወራ «ኸይር ነው» ማለታችንን አንተው። ቀጥለን ግን «እህቴ፣ ሰሞኑን ምን አስጨነቀሽ?» እንበላት፤ መልሷንም እስከ በረካው ቁጭ ብለን እንስማት።