ጉልባኑን ቆማችሁ ብሉት

ጸሎተ ሐሙስ ነው። ከስግደት ተመልሰን ወልድያ፣ ቤታችን ሳሎን ተቀምጠናል። ለበዓሉ ከመርሳ የመጣችው እናቴ ከዋዜማው ጀምራ የለቀመችው ስንዴና ባቄላ ተቀቅሎ ጉልባን ሆኗል። የሰባት ዓመቱ ልጄ አንድ እፍኝ ቃመና ፊቱን አጨማደደ።

«እማማ፣ ጨው በዝቶበታል እኮ። ደግሞ ጉልባን ለምንድን ነው ዛሬ ብቻ የምንበላው?»

መልሱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የሚወጣ ነገር አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ በየዓመቱ ጉልባን በልቻለሁ፤ ለምን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። በዚያው ሳምንት ሙሴ ባሕር ሲከፍል የሚያሳይ የማቅለሚያ ወረቀት ከኢንተርኔት አትሜ ሰጥቼው ነበር። ባሕሩን በአምስት ደቂቃ ሰማያዊ ቀብቶ ጨረሰና ወረቀቱ ሶፋ ሥር ገባ። ሙሴ ማን እንደሆነ ብጠይቀው የሚነግረኝ አይመስለኝም።

እናቴ ግን ተነሣች። «በል ጫማህን አድርግ» አለችው። የታላቅ እህቱን ወገብ በነጠላ አጥብቃ አሰረች፤ ለሁለቱም በትር እንዲሆናቸው አንዱን የመጥረጊያ እንጨት፣ ሌላውን የመወልወያ እንጨት አስያዘቻቸው። «እንግዲህ ቆማችሁ ብሉ። ፈጠን በሉ! ፈርዖን ሐሳቡን ሳይቀይር መውጣታችን ነው።» ልጆቹ እየሳቁና እየተጣደፉ ቃሙ። እሷም እስራኤላውያን ከግብፅ የወጡት በጥድፊያ እንደነበር፣ ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቁበት ጊዜ እንዳልነበራቸው፣ ቂጣና ንፍሮ የምንበላው ያንን ለማስታወስ እንደሆነ ነገረቻቸው። ጨው የሚበዛበት ደግሞ ጌታ በመከራው ሰዓት መጠማቱን እንድናስብ ነው አለቻቸው። ከዚያ ወደ ግቢ ወጡ፤ ሰማያዊ አንሶላ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ሹልክ ብለው ባሕሩን ተሻገሩ።

ማታ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12ን ገልጬ አነበብኩ። ወገብ መታጠቁ፣ ጫማው፣ በትሩ፣ ጥድፊያው፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። እናቴ አንድም አልጨመረችም።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር ለልጆቻችን የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በእጅ ለማስጨበጥ ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልገን ነው። ዓመቱ ራሱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። በሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት እናደርጋለን። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ያደሉንን ቄጤማ ግንባራችን ላይ እናስራለን፤ ትርጓሜውም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ በአፏ የያዘችው ለምለም ቅጠል ነው። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ሙልሙል ይጋገራል፣ ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፤ ሁሉም በደብረ ታቦር ከታየው ብርሃን፣ ከተሰማው ድምፅና በእረኝነት ካመሹት ልጆች ጋር ተያይዞ ይተረካል። እጃችን ይሠራል፤ አፋችን ግን ዝም ብሏል። የዘንባባውን ቀለበት ተጎንጉኖ ያለቀለትን ከቤተ ክርስቲያን በር ገዝተን በልጁ ጣት እናጠልቃለን፣ ፎቶ እናነሣለን፣ አበቃ። እስቲ በሚቀጥለው ሆሳዕና ያልተጎነጎነውን ዘንባባ ገዝተው ይምጡና አብረው ይጎንጉኑ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀለበቶች መፈታታቸው አይቀርም። እነሱን ስትጠግኑ ነው ስለ ውርንጭላዪቱ፣ ልብሳቸውን መንገድ ላይ ስላነጠፉት ሰዎችና ስለ ሕፃናቱ ለማውራት ጊዜ የሚገኘው።

እኛ ሰሜን ወሎዎች ደግሞ ሰበብ የለንም። ላሊበላ በዞናችን ውስጥ ናት። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የነበረው ንጉሥ ኢየሩሳሌምን በእግር የሚረገጥ፣ በእጅ የሚዳሰስ አድርጎ ለሕዝቡ ሰጠ፤ ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ፣ አንዱ ቤተ መቅደስ ጎልጎታ፣ ሌላው ቤተ ልሔም። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከተጓዙበት ቦታ ሁሉ በላይ ለልጅ የሚገቡ ናቸው። መንገዱ የማይመች በሆነበት ጊዜ እኛ ቤት ውስጥ በልብስ ሳሙና ሠርተናቸዋል። አንድ ድፍን ሳሙና፣ የሻይ ማንኪያ እጀታና ጋዜጣ ይበቃል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይሠራም፤ የተነሣ ነገርም ተመልሶ አይለጠፍም። ልጄ የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል አንዱን ክንድ ሰብሮ ካለቀሰ በኋላ፣ እነዚያ ጠራቢዎች ቢሳሳቱ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን እያሰብኩበት ነው። (የሳሙናው ፍርፋሪ አይጣል፤ ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል።)

ወጥ ቤትም ብዙ ታሪክ አለ። ሴቲቱ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ የሸሸገችውን እርሾ ለማሳየት ሁለት ብርጭቆ ያዘጋጁ። በአንዱ እርሾ የገባበት የዳቦ ሊጥ፣ በሌላው እርሾ የሌለው ሊጥ እኩል ይጨምሩና ደረጃውን በላስቲክ ያስሩበት። ልጁ በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣ ይይ። መርሳ ከወልድያ ሞቅ ስለሚል እናቴ ቤት ቶሎ ይነሣል፤ እኛ ዘንድ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከአሥሩ ድሪም አንዱ የጠፋባትን ሴት ያስታውሱ፤ አሥር ሳንቲም ይቁጠሩ፣ አንዱን ይደብቁ፣ ሻማና መጥረጊያ ለልጆቹ ይስጡ። ሲያገኙት የሚያሰሙትን ጩኸት ጎረቤት ይሰማዋል። በወንጌሉም ጎረቤት ይጠራል።

የዘሪውን ምሳሌ በአራት የተቆረጡ ሃይላንድ ሞከርነው። በአንዱ ተረግጦ የጠነከረ አፈር፣ በሁለተኛው ጠጠር ላይ ስስ አፈር፣ በሦስተኛው ከነአረሙ የተቆፈረ አፈር፣ በአራተኛው ለም አፈር። ዘሩ እናቴ ያመጣችው ማሽላ ነበር። የመጀመሪያውን በረንዳ ላይ አስቀምጠነው የጎረቤት ዶሮ መጥታ ለቀመችው፤ ማንም ያላቀደው ምርጥ ትምህርት ሆነ። በጠጠሩ ላይ ያለው በቀለ፤ ልጆቹ «አሸነፈ!» ብለው ጮኹ። ፀሐይ ላይ አውጥተን ውኃ ስንከለክለው ጠወለገ። የሐብሩ ገበሬ ዝናብ ቀድሞ ሲያቆም የሚያየውም ይህንኑ ነው። በዚያው ወረዳ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ለሚያጥራቸው ቦታዎች የሚሆኑ የማሽላ ዝርያዎች ላይ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ምሳሌው ለከተማ ልጅ ተረት ሊመስለው ይችላል፤ ለአያቱ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ወንጭፉን ነው። መርሳ አካባቢ ማሽላው ሲያፈራ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። የአጎቱ ልጅ ለልጄ አስያዘው። ሃያ ጊዜ ወረወረ፤ ሃያውንም ሳተ። ሁለቱ ድንጋዮች ወደ ኋላው ሄዱ። ዳዊት ወንጭፍን ያነሣው በዚያን ቀን እንዳልነበረ፣ በጎች ሲጠብቅ ስንት ጊዜ እንደሳተ፣ ያኔ ገባው። ወደ ቤት ስንመለስ ድንጋዩን በተጠቀለለ ካልሲ ተካነው፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ መስኮታችሁ ይተርፋል። ከዚያ ጎልያድን ለካን። ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው። በልጄ ክንድ ስንለካው ጎልያድ የበራችንን ጉበን አከለ። በአባቱ ክንድ ስንለካው ኮርኒሱ አላስቀጥል አለን። ልጄ የራሱን ጎልያድ መረጠ።

የኖኅን መርከብ ግን ቤት አይችለውም። ርዝመቱ 300 ክንድ፣ ወደ 135 ሜትር ይጠጋል፤ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት 105 ሜትር ያህል ነው። በጠመኔና በገመድ ሰፈራችን መንገድ ላይ ለካነው። መንገድ ላይ የሚለካ ነገር ሲኖር የሰፈር ልጅ አይቀርም፤ የጎረቤታችን ልጆችም መጡ። ሙስሊሞች ናቸው፤ ኖኅን ኑሕ ብለው ያውቁታል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃቸው ከኑሕ ልጆች አንዱ አልሳፈርም ብሎ እንደሰጠመ ነገረችን። ልጄ «የለም፣ ሦስቱም ገብተዋል!» ብሎ ተሟገተ። ሁለቱም እኔን አዩኝ። እነሱ ቤት እንደዚያ፣ እኛ ቤት እንደዚህ እንደሚነገር፣ ሁለታችሁም ወላጆቻችሁን በደንብ ሰምታችኋል አልኳቸው። ክርክሩ አላለቀም፤ መርከቡ ግን አለቀ፤ ዝሆኑን ማን ይሁን በሚለው ነው የተጣሉት። ወሎ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ጥያቄ ሊሸሸው አይችልም። እንዲህ በጠመኔ መሐል ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ።

የማላውቀው ሲያጋጥመኝ ልጆቹ ጥያቄያቸውን በወረቀት ይጽፉና ለነፍስ አባታችን ይሰጣሉ። እሳቸው ቡና እየጠጡ አንድ በአንድ ይመልሱላቸዋል። ወላጆች፣ አለማወቃችሁን አትደብቁ።

አንድ ታሪክ ግን ለረጅም ጊዜ ፈርቼው ቆይቻለሁ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ስታልፍ ቤታችንን ዘግተን ወጥተን ነበር። ትልቋ ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ የምናስብበት ነው፤ በዚያ ዓመት እኛም ያንን ወቅት በሰው ቤት አሳለፍነው። ከተመለስን በኋላ ጽጌ ሲመጣ ስለ አበባው አወራላቸዋለሁ፤ ስለ መንገዱ ግን አልፈዋለሁ። ባለፈው ጽጌ ግን ሞከርኩት። አንድ ነጠላ መሬት ላይ ዘረጋሁ። ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንደሄደ ነገርኳቸውና «በዚህ ነጠላ የሚቋጠር አምስት ዕቃ ብቻ ምረጡላቸው» አልኳቸው።

ታናሹ መኪናውን፣ ብስኩት፣ ባትሪ፣ እንደገና ብስኩትና የአያቱን ጋቢ አመጣ። ትልቋ ብዙ ቆየች። ውኃ፣ ዳቦ፣ የሕፃን ልብስ፣ ማበጠሪያ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ከምስማሩ ላይ የቤታችንን ቁልፍ አውርዳ ነጠላው መሐል አኖረች።

«አባዬ ያኔ በኪሱ ይዞት ነበር» አለች። ታስታውሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስለዚያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ማንም አያወራም።

ነጠላውን ቋጠርን፤ ሳሎኑን በትራስ በተሠራ አህያ ሦስት ጊዜ ዞርነው፤ ወጥ ቤት ግብፅ ሆነና እዚያ መክሰስ በላን። ሄሮድስ ሞተ። ለመመለስ ስንነሣ እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ ሲመለሱ ቤታቸው ነበረ?»

ወደ ቤተ ልሔም እንዳልተመለሱ፣ ናዝሬት ሄደው እንደኖሩ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ነጠላውን ፈታች። ዳቦውን ለወንድሟ ሰጠችው፣ ማበጠሪያውን ቦታው መለሰች፣ ቁልፉንም ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።